ሱሉልታ ላይ የጠራው ስልክ

ባለፈው ሳምንት የእህቴ ልጅ ቡራዩ ቤቷ ምሳ ጋብዛኝ፣ መሥሪያ ቤቷ ስለገዛው ኮንሶል ሰርቨር ስታወራ ወጡ በረደብን። «ጋሼ፣ በኬብሉ ያለፈች ፊደል ሁሉ ትመዘገባለች። አሁን ምንም አይጠፋም» አለችኝ። እንዲህ ሲሉኝ የሥራ ጓደኛዬ ቶሎሳ ትዝ ይለኛል።

ወጣት ሳለን ሁለታችን ሱሉልታ ወዳለ የስልክ ማማ ተላክን። ክረምት ነበር፤ ሜዳው ውሃ ተኝቶበታል። መኪናችንን ጭቃ ስለያዛት ጥቅል ኬብል ተሸክመን፣ የገብስ ቆሎ እየቆረጠምን በእግር ገባን። ያገሩ ስልክ ከሞተ ሰንብቷል፤ ኬብል ሌቦች ቆርጠውት ነው ይባላል። የእኛ ትከሻ ላይ ደግሞ ኬብል አለ።

የማማውን ቤት ከፍተን ላፕቶፑን ስንሰካ ዱላ የያዙ ሰዎች ደረሱብን። ቶሎሳ «አካም ጂርቱ» ብሎ ሰላምታውን ሳይጨርስ አፉን መቱት። ወደቀ። የወደቀ ሰው ለመምታት ይመቻል፤ እስከዚያ ዳር ቆመው የነበሩትም ደፈሩ።

«ሌባ አይደለንም፣ ስልኩን ልንጠግን ነው» አልኩ።

ኦቦ ዲንቃ የሚሏቸው ሽማግሌ እጃቸውን ዘረጉ። «እንግዲያው አሳየን።»

ኮንሶል ሰርቨር ኔትወርክ ሲሞት እንኳ መሣሪያዎችን በየገመዳቸው የሚያናግሩበት ሳጥን ነው፤ ማማው ቤት ውስጥም አንዱ ነበር። ስልክ የሚያገናኘው የማማው ሬዲዮ የተሰካበትን ፖርት ከፈትኩ። ስክሪኑ ላይ ዶሮ የጫረችው የመሰለ ምልክት ፈሰሰ።

«ይኼ የማን ቋንቋ ነው?» አለ ቀይ ጃኬት የለበሰ ጎረምሳ። «ለግብረ አበሮቹ እየጻፈ ነው።» የቶሎሳን ጎን መታው። የጎድን አጥንት ድምፅ ከደረቅ ጭራሮ ብዙ አይለይም።

ያኔ ገባኝ፤ ፖርቱ እንዲያነብበት የተሞላው ፍጥነት ሬዲዮው ከሚልክበት ፍጥነት ጋር አይገጥምም።

«አባባ፣ ትንሽ ይታገሱኝ፤ ልጆቹን ያስቁሙልኝ፣ ይገድሉታል» አልኳቸው። ፍጥነቱን ዝቅ አደረግሁ። ምልክቱ ፊደል ሆነ። ሬዲዮው ጠፍቶ እንዲነሳ አዘዝኩና ጠበቅሁ። ቶሎሳ ደም እየተፋ ነበር። ጎረምሳው ዱላውን ዳግም እንዳነሳ ኪሱ ውስጥ ስልኩ ጠራ።

ሁሉም ወደ ኪሱ ዞሮ አየ። ዱላውን ሳያወርድ ስልኩን አነሳው። «ሄሎ፣ እማዬ… ቆይ መልሼ እደውላለሁ፣ ሥራ ላይ ነኝ።»

ከዚያ የማማውን ቤት በር ነቅለው ቶሎሳን በእሱ ላይ እስከ መኪናችን ተሸከሙት፤ መኪናዋንም ከጭቃው ገፍተው አወጡልን። ጎረምሳው በራስጌ በኩል ያዘ።

ቶሎሳ ተረፈ። ዛሬ ሰበታ ይኖራል፤ ሲስቅ አፉን በእጁ ይሸፍናል።

የዚያን ቀን የሳጥኑን መዝገብ በኋላ አንብቤዋለሁ። ፖርት ተከፈተ፤ ፍጥነት ተቀየረ፤ ሬዲዮ ተነሳ፤ መስመር ተመለሰ ይላል። የእህቴ ልጅ ልክ ናት፤ በኬብሉ ካለፈው አንድም አልጠፋም። ቶሎሳ በኬብሉ አላለፈም።