የጂብሪል ፎቅ በገና ዕለት

ሰንበታ አዲስ አበባ የሚኖር ፎቶግራፍ አንሺ ነበር። ሰው ከማንሣት ይልቅ ቤት ማንሣት ይወዳል። በባቡሩ መስመር ዳር የሚሠሩትን አዳዲስ ግንቦች፣ የቆርቆሮ ጣሪያቸውንና የመስታወት መስኮታቸውን ሊያነሣ በየበዓሉ ሚስቱን ቡዜን ይዞ ይወርድ ነበር። ቡዜ የአዳማ ልጅ ስለሆነች ጉዞው የሚያበቃው ሁልጊዜ በእናቷ በወይዘሮ እልፍነሽ ቤት ነው።

ሥራውን የምታቃናለት ግን ቡዜ ነበረች። የአዳማ ሰው ቤቱ ብቻውን ሲነሣ ደስ አይለውም፤ ባለቤቱ ከነቤተሰቡ፣ ጎረቤቱም ተጨምሮ ደጁ ላይ ካልቆመ ወና ቤት ይመስልበታል። ቡዜ ይህን ስለምታውቅ አንዱን በአማርኛ፣ ሌላውን በኦሮምኛ እያሳቀች ወደ ጥግ ትወስዳቸዋለች። ሰንበታም በዚያ መሐል ጥቁር ጨርቁን ተከናንቦ ግንቡን ብቻውን ያነሣል።

በ፲፱፻፳፪ ዓ.ም. መስከረም ላይ ቡዜን ወባ ወሰዳት። ሰንበታ የፎቶ መሣሪያውን ሣጥን ውስጥ ቆልፎ ተቀመጠ። በኅዳር አንድ ግሪካዊ መሐንዲስ መጥቶ አዳማ ላይ የሠራውን የነጋዴውን የጂብሪልን አዲስ ፎቅ፣ ማንም ሳይቆምበት፣ እንዲያነሣለት ለመነው። ሰንበታ እምቢ ሊል ነበር። ኋላ ግን ያለ ቡዜ ይህ አንዱ ከሆነለት ሥራውን ሊቀጥል፣ ካልሆነለት መሣሪያውን ሊሸጥ ለራሱ ቆርጦ በገና ዋዜማ ባቡር ተሳፈረ።

ወይዘሮ እልፍነሽ ቤት በግ አልታረደም፤ ቄጤማም አልተጎዘጎዘም። የልጃቸው ሙት ዓመት ሳይወጣ እንግዳ እንደማይቀበሉ ለጎረቤት ሁሉ አስነግረው ነበር። ጎረቤት ግን ዳቦውንና ማሩን በር ላይ እያስቀመጠ ስለሄደ ጓዳው ባልተቆረሰ ዳቦ ሞልቷል።

በበዓሉ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ወደ ፎቁ ፊት ዞረች። ታቹ ጥርብ ድንጋይ፣ ላዩ ባለ ብረት በረንዳ የሆነ ያማረ ቤት ነው። ሰንበታ የመሣሪያውን ሦስት እግር ተክሎ ገና ሲያስተካክል ወሬው ተሰማ። ጂብሪል አዲስ ጥምጥም ጠምጥሞ ከሚስቱ ከዘሃራና ከልጆቹ ጋር ደጁ ላይ ተሰለፈ። ጎረቤቱ ተከተለ። የገና ጨዋታ ሲጫወቱ የዋሉ ጎረምሶችም በትራቸውን እንደ ጠመንጃ ተሸክመው በረንዳው ላይ ወጡ።

ሰንበታ ቤቱን ብቻ እንደሚፈልግ አስረድቶ ለመነ። ጂብሪልን ቅር አለው።

«ሰንበታ፣ ባለቤቱ የሞተበት ቤት ልታስመስለው ነው?»

ከበረንዳው አንዱ፣ «ይልቅ አንተም ና ቁም፣ ሣጥኑ ራሱ ያንሣን» አለና ሁሉም ሳቁ። ሰንበታም ፈገግ ብሎ፣ እንደ ልማዱ ወደ ጎኑ ዞር አለ። የምትመልስለት አልነበረችም። የማዶው ግራር ጥላ ወደ በሩ እየተጠጋ ነው። የመሣሪያውን እግር ማጠፍ ጀመረ።

ይሄኔ ወይዘሮ እልፍነሽ ጥቁር ነጠላቸውን እንዳጣፉ ከመንገዱ መሐል ቆሙ። ከመስከረም ወዲህ ከደጃቸው ሲወጡ ያየ ስለሌለ ሰዉ ሁሉ ወደሳቸው ዞረ።

«ያመጣችሁት ዳቦ ተከምሮብኛል» አሉ። «ኑና ቁረሱልኝ። ጂብሪል፣ አንተም ከነልጆችህ፤ ሥጋ የለበትም፣ ዳቦና ማር ነው።»

ሐዘንተኛ ደጇን ስትከፍት ማን ይቀራል? ጎረምሶቹ ከበረንዳው ወረዱ። ጂብሪል ቤቱን አየ፣ እሳቸውን አየ፤ «እርስዎ ከጠሩማ» ብሎ ልጆቹን አስከተለ። በሰንበታ አጠገብ ሲያልፍም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «የጠየቀህ ካለ፣ ባለቤቶቹ እልፍነሽ ቤት ዳቦ ሊቆርሱ ሄደው ነው በል» አለው።

መንገዱ ጭር አለ። ሰንበታ ጨርቁን ተከናነበ፤ ጥላው በሩ ጋ ሳይደርስ የመሣሪያውን ክዳን ከፈተ፣ ዘጋ።

ዕቃውን ሸክፎ ሲደርስ ቤቱ ጢም ብሎ ስለነበር የበሩ ደፍ ላይ ተቀመጠ። አማቱ ማር የተቀባ ዳቦ በእጃቸው አመጡለት።

«ሆነልዎ?» አሉት።

«ሆነልኝ፤ እግዜር ይስጥልኝ።» ሰንበታ ዳቦውን ጎረሰ። ዘሃራ ከውስጥ የቡዜን ቀልድ እያስመሰለች ስታወራ ሰዉ ይስቃል፤ ወይዘሮ እልፍነሽም ወደዚያው ጆሯቸውን ጥለዋል።

ሰንበታ ለጥምቀት ቢሾፍቱ ወርዶ አንድ አዲስ ግንብ ሊያነሣ እንዳሰበ፣ እሳቸውም አብረውት ቢመጡ ደስ እንደሚለው ነገራቸው።

«እኔ በዚህ ዕድሜዬ ባቡር ልሳፈር?» አሉና ወደ እንግዶቻቸው ተመለሱ። አልመጣም ግን አላሉትም።