አውሮፕላን ጠባቂው መምህር

መምህራችን ጆሮ ጠቢ ናቸው ተባለ። ሁሌ በሚያብጠው የኮታቸው ኪስ የድምፅ መቅረጫ ደብቀዋል ብሎ ቦሌ ላይ ያላወራ የለም። ውሸት ነው፤ ኪሱ የያዘው ሽምብራ ቆሎ ነው። የክፍላችን ልጅ ፈለቀች ሰርቃ ቀምሳ፣ «መቅረጫው ጨው ጨው ይላል» ብላናለች።

መምህራችን ሐሙስ ሐሙስ የማስመሰያ ሸንጎ ያካሂዱልናል። እኛ የሸንጎ አባላት ነን፤ የትምህርት ቤቱ ካድሬ ከኋላ ተቀምጦ ያየናል። እሳቸው አንድ ቦታ መቆም አያውቁም፤ ከበር ወደ መስኮት፣ ከመስኮት ወደ በር፣ ቆሏቸውን እየቆረጠሙ። ሰማይ ሰማይ የሚያዩት አውሮፕላን ሲጠብቁ ነው። «የሚደግፍ?» ሲሉ ጎረቤት ይሰማል፤ «የሚቃወም?» የሚሉት ግን አውሮፕላን ጣሪያችንን ሲያንቀጠቅጥ ስለሆነ፣ የምናየው ከንፈራቸውን ብቻ ነው።

የብሔራዊ ውትድርና አጀንዳ የቀረበ ዕለት፣ ዕድሜያቸው የደረሰ ወንዶች ሳይቀሩ ሁላችን በድጋፍ እጅ አወጣን። አውሮፕላኑ መጣ፤ እሳቸውም አፋቸውን ከፈቱ። ጉድ የፈላው አውሮፕላኑ ቀድሟቸው ሲያልፍ ነው፤ ድምፃቸው ጸጥ ባለው ክፍል ብቻውን ቀረ።

«ልጆቼ፣ ለጨዋታ እንኳ አንድ የሚቃወም ይጥፋ?»

ካድሬው ቀና አለ። ፈለቀች የሰረቀችውን ቆሎ አፏ ውስጥ እንደያዘች ቀረች።