የእሜቴ አረፋ ነጫጭ ሸሚዞች

በሰፈሩ በስሟ የሚጠራት አልነበረም። በቴሌቪዥን የዱቄት ሳሙና ማስታወቂያ ላይ ልብስ እያጠበች ፈገግ ስትል ያያት ሁሉ «እሜቴ አረፋ» ይላታል። ከዚያ በፊት የመድረክ ተዋናይ ነበረች፤ ንግሥትም ነፍሰ ገዳይም ሆና ተጫውታለች፤ ያንን ግን የሚያስታውስላት አልተገኘም። ገበያ ስትወጣ ሴቶች አስቁመው የዘይት እድፍ በምን እንደሚለቅ ይጠይቋታል። እነግራችኋለሁ ብላ ታመልጥና እቤቷ ገብታ ባሏን ትጠይቀዋለች።

ባሏ ልብስ ሰፊ ነው። ከተጋቡ ጀምሮ የሚያጥበው እሱ ነው። ተመካክረው የተከፋፈሉት ሥራ አይደለም፤ እሱ ጨርቅ ይወዳል፣ እሷ እጇን ውሃ ውስጥ መዘፍዘፍ አትወድም።

አንድ ቀን ከአውቶቡስ ሲወርድ አዳለጠውና ክንዱ ተሰብሮ በጄሶ ታሰረ። ልብሱ ሲከመር እሷ እጅጌዋን ሰበሰበች። ይህን ጊዜ ግን እሱን መጠየቅ ኩራቷን ነካባትና፣ ነጫጭ ሸሚዞቹን ከአዲስ ሰማያዊ ጂንስ ጋር ዘፈዘፈቻቸው። ዝንጉርጉር ሆነው ወጡ። ባሏ በደህና እጁ አንዱን አንስቶ ብርሃን ላይ አየና፣ ሳቁን ዋጥ አድርጎ፣ «ሰማያዊ ይሄድብኛል» አላት።

ሸሚዞቹን ገመድ ላይ ያዩ ጎረቤቶች ጥፋቱን በሳሙናው ላይ አላከኩት። እሷ አጥባበት እንዲህ ከሆነ የኛማ ምን ሊሆን ነው ተባለ። የሰፈሩ ባለሱቅ ሳይቀር ሳሙናው አልሸጥ አለኝ ብሎ ሊያናግራት መጣ። ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም ነበር። የከነከናት ግን የባሏ ድካም እስከ ዛሬ በእሷ ስም መቆጠሩ ነው። ግቢው ቧንቧ ዘንድ ወደተሰበሰቡት ሴቶች ሄደች።

«ሳሙናው ምንም አላጠፋም» አለቻቸው። «ማጠብ የማልችለው እኔ ነኝ። የቤታችንን ልብስ የሚያጥበው ባሌ ነው።»

ተያዩና ሳቁ፤ ክፋት ያለበት ሳቅ አልነበረም። ጡረታ የወጡ አዋላጅ ጎረቤቷ፣ ሰፈሩ «እትዬ» የሚላቸው፣ ወደ ጎን ሳብ አድርገዋት ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «የኔውም ያጥባል እኮ፣ ልጄ። ሰው እንዳያየው ግን በር ዘግቶ ነው።»

ይህ ነገር ከሆዷ አልወጣ አለ። ሽማግሌው የእትዬ ባል በገዛ ቤታቸው እንደ ሌባ የሚደበቁት በእሷም የማስታወቂያ ፈገግታ ምክንያት መሰላት። ለሚቀጥለው ማስታወቂያ ስትጠራ፣ ባል ጭቃ የነካው ሸሚዙን ሲወረውርላት «ለኔ ተወው» እንድትል ተነገራት። ለምን እሱ አያጥበውም አለች። ዳይሬክተሩ ቀልድ መስሎት ሳቀ። የምሯን መሆኑ ሲገባው፣ ወንድ ሲያጥብ ያየ ሁሉ ሚስቱ ታማለች ብሎ ያስባል አላት። ተለማመጠችው፣ ተከራከረችው፤ አልሆነም። ሽርጧን አውልቃ ወንበር ላይ አስቀመጠችና ወጣች። ቦታዋን ሌላ ሴት ያዘች።

ወደ መድረክ ተመለሰች፤ ለጊዜው ያገኘችው ብዙ የማይናገር ሰው ሚና ቢሆንም ደስ ብሏት ትሠራዋለች። የባሏም ክንድ ዳነ።

አንድ ከሰዓት የእትዬ ባል ሱሪ ላሳጥር ብለው ልብስ ስፌት ቤቱ መጡ። ተቀመጡ፣ ስለ አየሩ አወሩ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ በመጨረሻ የሱፍ ሹራብ ሳይሸበሸብ እንዴት እንደሚታጠብ ጠየቁ። ልብስ ሰፊው የስፌት መኪናውን አቁሞ በእጁ እያሳየ ነገራቸው። ደንበኞች እየገቡ እየወጡ፣ ሁለቱ ስለ ሱፍ፣ ስለ ጥጥ፣ ስለ ለብ ያለ ውሃ ሲያወጉ ቆዩ። ሽማግሌው ሲሄዱ ሱሪውን ሳያሳጥሩ እንዳመጡት ይዘውት ተመለሱ።