የኤንቲን አረንጓዴ ሻርፕ

በፓንጋንዳራን የባሕር ዳርቻ በቆሎ የምትጠብሰው ኤንቲን አረንጓዴ ሳታደርግ የዋለችበትን ቀን የሚያስታውስ ጎረቤት የለም። አንድ ቀን ቀሚስ፣ አንድ ቀን ሻርፕ፤ ሌላው ሁሉ ቢቀር አረንጓዴ ክር ከእጇ አይጠፋም። በሌላ አገር ቢሆን ማንም ልብ አይለውም ነበር። እዚያ ግን አረንጓዴ የባሕሩ እመቤት የምትባለው መንፈስ ቀለም ነው። ለብሶት ወደ ውኃው የቀረበን ሰው «የእኔ ነው» ብላ ትወስደዋለች ይባላል። የሆቴል ዘበኞች እንኳ ከከተማ የመጣውን እንግዳ ጠጋ ብለው «ጌታዬ፣ ሸሚዝዎን ቢቀይሩት» ይሉታል።

የኤንቲን ባል ዳርሳ ዓሣ አጥማጅ ነበር። ያ ትልቁ ሱናሚ የመጣ ቀን መረቡን ሊያነሳ ወርዶ በዚያው ቀረ። የለበሰው ሸሚዝ አረንጓዴ ነበር፤ የገዛችለትም እሷ ናት። ማዕበሉ ያን ዕለት ቀይ የለበሰውንም ነጭ የለበሰውንም ጠራርጎ ወስዷል። ለቅሶ ሊደርስ የመጣው ሰው የሚያወራው ግን ስለ ሸሚዙ ብቻ ሆነ። መንደሩ «አምቡ»፣ እማማ፣ የሚላቸው የዳርሳ እናት ራስቲም ዝም አላሉም። ሩዝ ባረረ ቁጥር፣ ጣራው ባፈሰሰ ቁጥር «ያን ሸሚዝ ባትገዢለት ኖሮ» ይላሉ። ኤንቲን ደግሞ ገበያ ትወርድና ሌላ አረንጓዴ ነገር ገዝታ ትመለሳለች። አማትና ምራት በአንድ ጣራ ሥር እንዲህ ሆነው ኖሩ።

ከዓመታት በኋላ፣ በጾም ፍቺው በዓል ማግሥት፣ ዳርቻው በእንግዳ ጢም ብሎ ሳለ፣ መሬቱ ተንቀጠቀጠ። ቶሎም አላቆመ። ምድጃው ላይ የተደረደረው በቆሎ እየተንከባለለ አሸዋው ላይ ወደቀ። ወዲያው ሳይረኑ ጮኸ፤ የመስጊዱ ድምፅ ማጉያም «ወደ ኮረብታው ውጡ» እያለ ይደጋግም ጀመር። ኤንቲን ምድጃዋን እንደነደደ ትታ ወደ ቤት ሮጠች። ያለ በትርና ያለ ደጋፊ የማይራመዱትን አማቷን አዝላ ከገበያው ጀርባ ያለውን ዳገት ተያያዘችው።

«ቀስ በይ፤ የሩዝ ጆንያ አደረግሽኝ እንዴ?» አሉ አምቡ ከጀርባዋ ላይ።

«ጆንያ ቢሆኑማ ዝም ይሉልኝ ነበር።»

ኮረብታው ላይ እንዲህ ላለው ቀን የተሠራ የቆርቆሮ ዳስ አለ። ሲደርሱ ሰው ሞልቶታል። ለዋናተኞች እንዲንሳፈፉበት የመኪና ጎማ ከመነዳሪ የሚያከራየው ሳርፒን ቀድሞ ወጥቶ፣ ከመነዳሪዎቹን ሁሉ ተሸክሞ አምጥቶ፣ አንዱ ላይ ጉብ ብሏል። ኤንቲን ትከሻ ላይ አረንጓዴውን ሻርፕ ሲያይ ፊቱ ተለወጠ።

«ያን ሻርፕ አውልቂ» አላት።

«ምነው፣ በረደህ?»

«እመቤቲቱ ከታች እያየች ነው። እኛ ሸሽተን ወጥተን፣ አንቺ ባንዲራ ታውለበልቢላታለሽ?»

«ከዚያ ድረስ ካየች ዓይኗ የተመሰገነ ነው። አንተ የተቀመጥክበት ከመነዳሪ እየተነፈሰ እንኳ አላየህም።»

ሰዉ ሳቀ፤ ሳቁ ግን አጭር ነበር። ሁሉም ፈርቷል። ባሕሩ፣ ማዕበል ሊመጣ ሲል እንደሚሆነው፣ ከቦታው ትንሽ የሸሸ ይመስላል፤ መሸሹን አለመሸሹን ማንም እርግጠኛ ሆኖ መናገር አልቻለም። ደረቅ ዓሣ የምትሸጥ አንዲት ሴት ከትከሻዋ ላይ ቡናማ ሻርፕ አውርዳ ወደ ኤንቲን ዘረጋች።

«እህቴ፣ ለዛሬ ብቻ የኔን ልበሺ። ሕፃናት አሉ።»

ስድብ ቢሆን ለኤንቲን ይቀላት ነበር። ልመናው ከበዳት። ሻርፑን ካወለቀች ግን ዳርሳን የገደለው ሸሚዙ ነው ማለት ነው፤ ሸሚዙን የሰጠው ደግሞ የእሷ እጅ ነው።

«አላወልቅም» አለች። «ማዕበሉ ከመጣ በእኔ አሳብቡ። ካልመጣ ግን፣ ዳርሳ በሸሚዝ ሞተ የሚል አፍ ከዛሬ ጀምሮ ይዘጋ።»

ሳርፒን ተነሣ። «እንግዲያው ከዳሱ ወጥተሽ ወዲያ ሂጂ። ባልሽም እንዳንቺው እልኸኛ ነበር። ጅል ባይሆን ያን ለብሶ ወደ ባሕር አይወርድም ነበር።»

እስካሁን መቁጠሪያቸውን ሲቆጥሩ የነበሩት አምቡ ራስቲ ቀና አሉ።

«ማነው ጅል?»

«አምቡ፣ እኔ ምን አልኩ? እርስዎ ራስዎ ሲሉት የኖሩትን እኮ ነው።»

«እኔ እላለሁ። ዘጠኝ ወር የተሸከምኩት እኔ ነኝ። አንተ ምን ተሸክመሃል፣ ከመነዳሪ?» መቁጠሪያቸውን ጭናቸው ላይ አስቀመጡ። «ልጄ ሥራ ሊሠራ ወረደ። ውኃው መጣ። ይኸው ነው።»

ኤንቲን ይህን ከአማቷ አፍ ሰምታ አታውቅም። አምቡ እጃቸውን ዘረጉላት።

«አምጪው።»

«አላወልቅም አልኩ እኮ፣ አምቡ።» ሻርፑን ጭምድድ አድርጋ ያዘችው።

«አውልቂ ማን አለሽ? ስጪኝ ነው ያልኩሽ።»

ሰጠቻቸው። አሮጊቷ ሻርፑን ከራሳቸው ጀምረው እስከ ወገባቸው ተከናነቡት። ከዚያ በትርም ደጋፊም ሳይፈልጉ ከዳሱ ወጥተው፣ ባሕሩ ፊት ለፊት በሚታይበት ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ኤንቲንም ሄዳ ከጎናቸው ተቀመጠች። በእጇ ላይ ያለውን አረንጓዴ ክር እንዲታይ እጅጌዋን ሰበሰበች።

«በል» አሉ አምቡ ዞር ሳይሉ፣ «እኔንም አስወልቀኝ።»

ሳርፒን ተመልሶ ከመነዳሪው ላይ ተቀመጠ። ቆይቶ፣ ዓሣ ሻጯ የውኃ ጠርሙስ ይዛ መጣችና አጠገባቸው ተቀመጠች። ሦስቱም ባሕሩን እያዩ ቆዩ። ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ባሕሩ እንደ ወትሮው መጣ፣ እንደ ወትሮው ተመለሰ። የመስጊዱ ድምፅ ማጉያ ማስጠንቀቂያው መነሣቱን ተናገረ።

«ማዕበሉን ጸሎት ነው የመለሰው» አለ ሳርፒን፣ ከመነዳሪዎቹን ወደ ትከሻው እየሰቀለ።

«አንተ ከጸለይክ አላህ ይስጥልን» አሉ አምቡ። «አፍህ ደግ ሥራ በማግኘቱ ደስ ብሎኛል።»

ሲወርዱ አልታዘልም አሉ። በገበያው መሐል፣ በሆቴሎቹ በር ላይ፣ አረንጓዴውን እንደተከናነቡ ቀስ ብለው አለፉ። ዘበኞቹ አዩአቸው፤ ቀይሩት ብሎ የደፈረ ግን አልነበረም። ምድጃው ዘንድ ሲደርሱ እሳቱ ጠፍቷል። ኤንቲን በቆሎዋን ከአሸዋው ላይ እየለቀመች እጇን ዘረጋች።

«አምቡ፣ ሻርፔን።»

«ከፈለገች እመቤቲቱ መጥታ ትውሰደው» አሉ። «አንቺ ሌላ ግዢ። አረንጓዴ መግዛት መቼ ተስኖሽ ያውቃል?»