ብርብራው ኩሬው ውስጥ ሊበተን ሲል

ዛሬ ጠዋት አንድ ጆንያ የተፈጨ ብርብራ ከአሳ እርባታው ኩሬ ዳር አፉ ተፈትቶ አየሁ።

ለማታውቁት፣ ብርብራ አሳ የሚያሰክር የዛፍ ፍሬ ነው። ውሃ ላይ ከበተኑት አሳው ሆዱን ገልብጦ ይንሳፈፋል።

ከቡሬ ወጣ ብሎ አንድ ባለሀብት ከሌላ አገር ያመጣውን አሳ ያረባል። ክረምት ላይ ኩሬው ሞልቶ አሳው ወንዛችን ውስጥ ገባ። ከዚያ ወዲህ የወንዙ ነጭ አሳ እየጠፋ ነው። እኔም ፍኖተ ሰላም ወስጄ የምሸጠው እሱን ስለሆነ ለወንዙ ብቻ አዝኜ መጣሁ አልልም።

ሰዉ አቤት ብሎ ሰሚ ስላጣ ዛሬ የኩሬውን አሳ ሊጨርሰው ተሰበሰበ።

ዘበኛው ዱላውን ጨብጦ "እንዳትጠጉ" አለ።

ጆንያውን የያዙት ወንዙ ዳር ያረጁት አጥማጅ አያ ይርጋ ነበሩ። ጠጋ ብዬ "አያ ይርጋ፣ የዚህ ኩሬ ውሃ ሲወጣ ወዴት ነው የሚሄደው?" አልኳቸው።

"ወደ ወንዙ ነዋ። ነጋዴ ሆነህ ይሄ ይጠፋሃል?"

ሰዉ ሳቀ። እሳቸው ግን አንዴ ጆንያውን፣ አንዴ ወንዙን አዩ። ከዚያ የጆንያውን አፍ ቀስ ብለው ቋጠሩት።

"ጌታህን ጥራው" አሉት ዘበኛውን። "መውጫውን በወንፊት ሽቦ እስኪዘጋው ከዚህ አንነሳም።"

ይህን የምጽፈው እዚያው ሆኜ ነው። ባለሀብቱ ገና አልመጣም። አያ ይርጋ ማንም እንዳይነካው ጆንያው ላይ ተቀምጠዋል።

እናንተስ ተናዳችሁ የራሳችሁን ነገር ልታጠፉ ስትሉ ለጥቂት የተረፋችሁበት ቀን አለ? ጻፉልኝ፤ እስኪመጣ አነባለሁ።