በወይራ የታጠነው መነጽር

አውቶቡሱ በነቀምቴ መንገድ ላይ ገና አኖ ከተማ ሳይደርስ ሰው ሁሉ ነጠላና ጋቢውን አፍንጫው ላይ አድርጎ ነበር።

ከኋላዬ የተቀመጡ አንድ ሴትዮ በመጨረሻ አላስቻላቸውም። «አንተ ልጅ፣ ያቀፍከው ምንድነው? የሞተ ነገር ከሆነ አውርደን እንቅበረው!» አሉ። አውቶቡሱ በሳቅ አውካካ። እኔ ግን ላብ በላብ ሆንኩ...

ያቀፍኩት አዲስ የሩቅ ማያ መነጽር ነው። ዘመኑ የንጉሡ፣ እኔ ደግሞ ከጎጃም መጥቼ ነቀምቴ ለአንድ ሹም ጸሐፊ የሆንኩ ጎረምሳ ነበርኩ። ሹሙን ቀኛዝማች እያልን እንለፋቸው። አዲስ አበባ ልከው መነጽሩን ያስገዙኝ እሳቸው ናቸው። ባለሱቁ ሳጥኑን ከከፈተበት ደቂቃ ጀምሮ ይከረፋል። ጎማው፣ ማስቲሹ፣ በደንብ ያልለፋው የቆዳ ማኅደሩ... «አዲስ ዕቃ እንዲህ ነው፣ ይለቃል» አለኝ። ሁለት ቀን በመንገድ ሙቀት ባሰበት እንጂ መቼ ለቀቀ!

ዕቃው የተፈለገበት ጉዳይ ቀላል አልነበረም። ኦቦ ገመዳ የሚባሉ ገበሬ ከአንድ ባለርስት ጋር በድንበር ተካሰዋል። ኦቦ ገመዳ «ድንበሩ አባቴ ያሳየኝ ሾላ ነው፣ ዛሬም ቆሟል» ይላሉ። ባለርስቱ «እዚያ ቦታ ሾላ የሚባል ዛፍ የለም» ብሎ ድርቅ ብሏል። ሾላው ካለ መሬቱ የገመዳ ነው። ከሌለ ስምንት ነፍስ የሚያድርበት እርሻ ሄደ ማለት ነው። ቀኛዝማች ደግሞ ዓይናቸው ደክሟል፣ በዚያ ላይ ጭቃ እየረገጡ ገደል መውረድ አይወዱም። ከማዶ ኮረብታ ላይ ሆነው በመነጽር አይተው ሊፈርዱ ወሰኑ።

የሚገርመው የኦቦ ገመዳ እህት የእኔ አከራይ ናቸው። አዴ ጫልቱ ይባላሉ፣ ቤታቸው ጨለለቂ ሰፈር ነው። ከአውቶቡስ ወርጄ ስገባ በር ላይ ተቀበሉኝና አፍንጫቸውን ያዙ።

«ኢልማ ኮ፣ ልጄ... ምን ሞቶብህ ነው?»

«መነጽሩ ነው አዴ። የወንድምዎ መሬት የሚታይበት።»

ፊታቸው ተለወጠ። «ይሄ ግማት ነው የገመዳን መሬት የሚያየው?» አሉ ቀስ ብለው።

እኔ ልብ አላልኩትም። ዕቃውን ቤት አስቀምጬ መምጣቴን ለመናገር ቢሮ ሄድኩ። ቀኛዝማች በቅሎ አስጭነው ሊወጡ ነው። «ሮጠህ አምጣው፣ አሁኑኑ እንሄዳለን» አሉኝ።

ሮጬ ስመለስ ቤቱ በጭስ ታፍኗል።

አዴ ጫልቱ መነጽሩን በግራዋ ቅጠል ፈትገው አጥበው፣ እንደ ወተት ቅል አፉን ደፍተው በወይራ እያጠኑት ነው! ጨርሰው አነሱትና ለጋ ቅቤ በመዳፋቸው ይዘው ውጭውንም መስታወቱንም አሹልኝ... ደርቄ ቀረሁ። ጮኼ ማስቆም እንኳ አልቻልኩም።

«እየው፣ አሁን ጥሩ ሸተተ!» አሉ ፊታቸው በርቶ። «ፍርድ የሚያይ ነገር ንጹሕ መሆን አለበት።»

ምን ልበላቸው? ነጠላ ቀምቼ መስታወቱን ጠረግኩት። ቅቤው ከጥቀርሻው ጋር ተለውሶ ይባስ ተለጠፈ። የቀኛዝማች ዘበኛ ደግሞ ከደጅ «ጸሐፊ! ጸሐፊ!» ይላል። መንገዱን ሙሉ «ልናገር» እልና ቀና ስል የቀኛዝማችን ዓይን አይቼ እተዋለሁ። አዲሱን ዕቃቸውን አበላሸህ ብለው ከሥራ ቢያባርሩኝስ? ቢያስሩኝስ?

ኮረብታው ላይ ወጣን። ባለርስቱም ለምስክርነት የተጠሩ ሽማግሌዎችም ኦቦ ገመዳም አሉ። ቀና ብዬ ማዶውን አየሁ... ሾላው ቆሟል! ጉልህ ነው፣ እርሻው ራስ ላይ ብቻውን ቆሟል። ለአፍታ ደስ አለኝ። ዓይን ላለው ሰው መነጽር ምንም አያስፈልገውም።

ቀኛዝማች መነጽሩን አነሱ። ወዲያ አዞሩት፣ ወዲህ አዞሩት። ሰው ሁሉ ትንፋሹን ውጦ ይጠብቃል። አይታየኝም ማለት ለእሳቸው ውርደት ነው፣ ያውም ስንት ሰው ፊት።

«ሾላ የለም» አሉ።

ክው አልኩ።

መነጽሩን ለአንዱ ሽማግሌ ሰጡት። ሽማግሌው አየና ትንሽ አመነታ። «እንዳሉት ነው ጌታዬ፣ የለም» አለ። ሁለተኛውም የለም አለ። ኦቦ ገመዳ በጣታቸው እየጠቆሙ «ጎፍታ ኮ፣ ጌታዬ! ያው እኮ! ያው!» ይላሉ። ወደ ጣታቸው አቅጣጫ ዞሮ ያየ ሰው የለም።

ከዚያ ቀኛዝማች መነጽሩን ወደ እኔ ዘረጉት። «ጸሐፊ፣ አንተም እይና መዝግብ።»

ዓይኔ ላይ አደረግኩት። ጥቀርሻ ያዘለ ቅቤ ብቻ... ከዚያ ሌላ ምንም። አፌን ከፈትኩ። «አይታይም ጌታዬ» አልኩ።

ቅጥፈት አልነበረም። ግን እውነትም አልነበረም።

ኦቦ ገመዳ ጠጋ አሉኝ። አልጮሁም፣ አልተቆጡም። «አውርደውና እይ ልጄ» አሉኝ። «በዓይንህስ ስታየው?»

መነጽሩን አወረድኩ። ሾላው ፊት ለፊቴ ነው። ቀኛዝማች አፌን አፌን ያዩኛል። ብዕሬን አወጣሁና አንገቴን ደፍቼ «በተባለው ስፍራ ሾላ አልታየም» ብዬ ጻፍኩ። አንድ ፊደል እንኳ አልሳትኩም፣ እስከ ዛሬ የሚያስደነግጠኝ እሱ ነው።

ቤት ስገባ አዴ ጫልቱ በር ላይ ቆመው ይጠብቁኛል። «መነጽሩ ደህና አየላቸው?» አሉኝ።

በአጠገባቸው አልፌ ገባሁ። በነጋታው ዕቃዬን ጠቅልዬ ሌላ ቤት ተከራየሁ።

ቀኛዝማችን እንኳ ቅቤ ጋረዳቸው... እኔን ምን ጋረደኝ?