አበ ልጄ ስለ ትንፋሼ የተናገረው

የያዙኝ ከቢሮ ስወጣ ነው። መካነ ሰላም ላይ በተደረገ የሠራተኞች ስብሰባ፣ «የታሰሩት መምህራን የት እንዳሉ ለቤተሰቦቻቸው ይነገር» ብዬ ነበር፤ ሌላ ጥፋት የለኝም። ሁለት ፖሊሶች «ለአንድ አፍታ ትፈለጋለህ» አሉኝ። አፍታዋ ምን ያህል እንደረዘመች ባለቤቴ ታውቃለች። ጣቢያ ደርሰን ኪሴን ሲፈትሹ ስልኬን፣ ቁልፌንና ፓፍ የምንላትን፣ ትንፋሽ ሲያጥረኝ ወደ አፌ የምነፋትን መድኃኒት ወሰዱ።

«እሷ እንኳ መድኃኒት ናት» አልኩ።

አንደኛው ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝና ሳቀ። «አንተን የመሰለ ሰው ደግሞ ምን ያመዋል?»

ክፋት አልነበረበትም። በእኛ አገር በሽተኛ ማለት የከሳ ሰው ነው። የወፈረማ ያማረበት፣ የደላው፣ ቤቱ የሞላለት ነው። ባለፉት ዓመታት ሱሪዬ ሁሉ እየጠበበኝ ሲሄድ፣ ከደጎሎም ከአቀስታም የሚመጣ ዘመድ «ማሻአላህ፣ እንዴት አምሮብሃል!» ይለኝ ነበር፤ ክርስቲያኑም እስላሙም። ትንሽ ዳገት ወጥቼ ሳለከልክ እንኳ «የጥጋብ ነው» ብለው ይቀልዱብኛል። እኔም አብሬ እቀልድ ነበር።

ጣቢያው ሞልቶ ስለነበር ያስገቡኝ ቀድሞ ማዳበሪያ ይከማችበት በነበረ መጋዘን ውስጥ ነው። በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የተቀበለኝ ሽታው ነው፤ ዓይን ይቆጠቁጣል፣ ጉሮሮ ላይ ይቀመጣል። ጆንያዎቹ ሄደዋል፣ አቧራቸው ግን አልሄደም። መስኮት የሚባል ነገር የለም። በግድግዳው ዙሪያ የተቀመጡት እስረኞች ሁሉ ፊቴን ትተው ሆዴን አዩ።

«ወላሂ፣ የሁለት ሰው ቦታ የሚይዝ ነው ያመጡብን!» አለ አንዱ። ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፣ ምን ላድርግ?

የክፍሉ ተጠሪ በዕድሜ የገፉ የአጅባር የከብት ነጋዴ ነበሩ፤ ሁላችንም ጋሼ እንላቸዋለን። ቦታ ስለሌለ የምንተኛው በጎናችን ተደርድረን ነው። ጋሼ ሲያጨበጭቡ ሁላችንም በአንድ ጊዜ ወደ ሌላው ጎን እንገለበጣለን። አንድ ሰው ከተነሳ ሰልፉ በሙሉ ይበጠበጣል። እኔ ደግሞ ጋደም ስል ደረቴ ላይ ሰው የተቀመጠብኝ ያህል ይጨንቀኛል፤ ብድግ እላለሁ፣ ያጉረመርማሉ፣ መልሼ እተኛለሁ፣ መልሼ ብድግ እላለሁ። ከንፈሬ መጥቆር ሲጀምር ጋሼ በሩን ደብድበው «ይኸን ሰው ሐኪም ይየው፣ በአላህ!» አሉ። ደጋግመው ስለጮኹ አዛዡ እሺ አለ።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ስሜ ተጠራ። ወደ ግቢው ስወጣ ነጭ ጋዎን ለብሶ ከአዛዡ ጎን የቆመውን ሰው አየሁና እግዚአብሔርን አመሰገንኩ። አበ ልጄ ነበር፤ የልጄ የክርስትና አባት።

ከኮሌጅ ጀምሮ ወዳጄ ነው። ከተማው ሁሉ ውፍረቴን ሲያደንቅ እሱ ብቻ ነበር እውነቱን የነገረኝ። ቤቴ ቁጭ ብሎ፣ እጁን ከጎድን አጥንቴ በታች አድርጎ ሳንባዬ እንዴት እንደተጨነቀ ያሳየኝ እሱ ነው። «አየህ አበ ልጅ፣ ሆድህ ከታች ይገፋዋል። ስትተኛ ደግሞ ይብስበታል፤ ሳንባህ የሚዘረጋበት ቦታ ያጣል። ስብ ዝም ብሎ የተቀመጠ ዕቃ አይምሰልህ፤ ራሱ ሥራ ይሠራል፤ ደምህ ውስጥ ገብቶ የአየር ቧንቧህን ያስቆጣል። ስኳርህም ከፍ ያለው፣ አስምህም የባሰው ለየብቻ አይደለም። የአንድ ቤት ልጆች ናቸው።» ፓፏን ያዘዘልኝ እሱ ነው። በትራስ ቀና ብዬ እንድተኛ ባለቤቴን የመከራት እሱ ነው። አንድ ጊዜ ሌሊት ታፍኜ በጀርባው አዝሎኝ ሊወጣ ሲታገል ወገቡን ያመመው እሱ ነው።

«ዶክተር» አለው አዛዡ፣ «ይኸ ሰውዬ መተኛት አልቻልኩም፣ መተንፈስ አልቻልኩም እያለ ያውከናል። በሽታ ካለበት ሆስፒታል እንልከዋለን። ከሌለበት አርፎ ይቀመጥ።»

አበ ልጄ ማዳመጫውን ጀርባዬ ላይ አደረገ። ደረቴ ውስጥ ሲር ሲር የሚለውን እኔም ያለ መሣሪያ እሰማው ነበር፤ አዛዡም ጆሮውን ቢያዘነብል ይሰማው ነበር። ከዚያ ማዳመጫውን አንገቱ ላይ መለሰ። ዓይኔን አላየኝም።

«ሌላ ነገር የለበትም። ውፍረት ነው።»

«ውፍረት ብቻ?»

«ውፍረት ብቻ።»

«አበ ልጅ!» አልኩ። «ፓፏን ራስህ አይደለህም እንዴ የሰጠኸኝ?»

አዛዡ አንዴ እሱን፣ አንዴ እኔን አየ። «ትተዋወቃላችሁ?»

«በመልክ ነው የማውቀው» አለ አበ ልጄ። «ትንሽ ቀነስ ቢል ይሻለዋል።»

«እሱንስ እኛ እናግዘዋለን!» አለ አዛዡ እየሳቀ።

ቅስሜ ተሰበረ። ዛሬም ሳስታውሰው የሚያንገበግበኝ መካዱ ብቻ አይደለም። ውሸት እንኳ አልተናገረም፤ ውፍረት ነበር በእርግጥም። ያቃጠለችኝ «ብቻ» የምትለዋ ናት። ውፍረት ብቻ የሚባል ነገር እንደሌለ ያስተማረኝ ሰው፣ አገሩ የሚያምነውን ይዞ እኔን ወደዚያ አቧራ መለሰኝ።

ወደ መጋዘኑ የሚወስደው መንገድ ትንሽ ሽቅብ ነው። ሦስት አራት እርምጃ ሄጄ ቆምኩ። ከኋላዬ መጥቶ ክርኔን ያዘ፤ ሊደግፈኝ። ሽታውን አውቀዋለሁ፣ ሁልጊዜ የሚታጠብበት ሳሙና ነው። እጁን ቀስ ብዬ ከክንዴ ላይ አነሳሁና «ይቆየኝ» አልኩ። ጠባቂው «ፍጠን!» አለኝ። አልፈጠንኩም። ትንፋሼ እስኪመለስ ጠበቅሁ፤ ከዚያ ማንንም ሳልይዝ በራሴ እግር ገባሁ።

ጋሼ ከተቀመጡበት ተነሱ። «ምን አለህ ሐኪሙ?»

«ምንም የለበትም አለ።»

«ታውቀዋለህ?»

«የልጄ የክርስትና አባት ነው።»

መጀመሪያ የቀለደብኝ ሰውዬ አንገቱን ደፋ። ጋሼ «አብሽር፣ ልጄ» አሉ፤ ሌላ ምን ይበሉ? ከዚያ የራሳቸውን ቦታ፣ በበሩ ስንጥቅ ንፋስ የሚገባበትን፣ ለእኔ ሊለቁ ተነሱ። እምቢ አልኩ። ምጽዋት አልፈለግሁም፣ እልህም ይዞኝ ነበር። «እኔ ከአሁን በኋላ ተቀምጬ ነው የማድረው። የመተኛ ድርሻዬን አጠገቤ ለሚተኛው፣ እግሩን ለሚያመው ሰውዬ ስጡልኝ። ለእኔ ግድግዳ ብቻ ይበቃኛል።» ጋሼ አዩኝና «የበሩን ግድግዳ ነዋ» አሉ። በዚያ ተስማማን። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያ ሰውዬ እግሩን ዘርግቶ ተኛ፤ እኔ ጀርባዬን ለግድግዳው፣ አፍንጫዬን ለስንጥቁ ሰጥቼ አደርኩ። ስለ ሆዴ የቀለደ አልነበረም።

ክስ ሳይመሠረትብኝ ለቀቁኝ። ደሴ ሄጄ ታከምኩ፤ ትንፋሼ ዛሬም ሙሉ አይደለም። አበ ልጄ ሽማግሌ ላከ፣ ቀጥሎም ራሱ መጣ። «ወዳጅህ መሆኔን ካወቁ እኔንም ይጨምሩኛል ብዬ ፈራሁ» አለ። አለቀሰም። የእውነቱን ነው። እኔም ፈርቼ ስለነበር ፍርሃቱን አልናቅሁበትም።

«በሽታዬን ባታውቅ ኖሮ» አልኩት፣ «ዛሬውኑ ይቅር እልህ ነበር።»

ሽማግሌዎቹ ብዙ መከሩኝ፤ አስታረቁን ብለው ሄዱ። እንደታረቅን ይቆጠራል። ለልጄ ምንም አልነገርኩትም፣ የክርስትና አባቱን እንዲጠላ አልፈልግም። ሰውዬው በዓል ሲሆን ይመጣል፣ ልጄ ሮጦ አንገቱ ላይ ይጠመጠማል። ያን ጊዜ እኔ ወደ ጓሮ እወጣለሁ፤ ትንሽ ቆሜ እተነፍሳለሁ።